ሁለት እጅጌዎች በመስኮቱ ብርሃን

ቆራጯ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆማ ኖረች ቢባል ማንም አያምንም፤ ወለሉን ያየ ግን ያምናል። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሲሚንቶው ሁለት ቦታ ላይ ልስልስ ብሎ ጎድጉዷል። አንዱ የቀኝ እግሯ ነው፣ አንዱ የግራ። ጎድጓዳውን የጀመሩት አባቷ ናቸው፤ እሷ ይበልጥ አጎደጎደችው። ወለሉ በታጠበ ቁጥር ውሃው የሚያቁረው እዚያ ነው፤ ፅዳት የምትሠራዋ ሴት በየጊዜው ትነጫነጫለች።

ቤቱ የተማሪ ዩኒፎርም መስፊያ ነው። ስድስት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ከሁሉ የሚረዝም የመቁረጫ ጠረጴዛ። ቆራጯ ሰማያዊውን ጨርቅ አርባ ጊዜ ታነባብረዋለች፣ የልክ ካርቶኑን ከላይ ታስቀምጣለች፣ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምራለች፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ መቁረጫው ትዞረዋለች። በአንድ ዙር አርባ እጅጌ። አንዱን አንስቶ በሌላው ላይ ለጣለ ሰው ፀጉር የምታህል ትርፍ የላቸውም። ይህ ሙያ ነው፤ የሚያሰለቸውም ሙያ ስለሆነ ነው።

የቤቱ ጌታ ታላቅ ወንድሟ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ፤ እሷ ቀጭንና ዝምተኛ፣ እሱ ወፍራምና ወሬኛ። የመለኪያ ሜትር ከአንገቱ አውልቆ አያውቅም፣ ሲለካበት ግን ያየው የለም። ሠራተኞቹ በሌለበት «ሜትር» ይሉታል፤ ሲመጣ «ጋሼ»። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን በተሻለ፤ ከክፉ ሰው ቤት እቃን ጠቅልሎ መውጣት ይቻላል። ባሏ የአንድ ዓመት ሕፃን አስታቅፏት የውሃ ሽታ ሆኖ በቀረ ጊዜ ከመስፊያው ቤት ጀርባ ያለውን ክፍል የሰጣት እሱ ነው። አንድም ቀን «ሰጥቼሻለሁ» ብሏት አያውቅም። ማለት አያስፈልገውም፤ የክፍሉ በር አንድ ነው፣ የሚከፈተውም ወደ መስፊያው ቤት ነው። ገበያም ይሁን ሐኪም ቤት፣ ጎረቤትም ይሁን ለቅሶ፣ የሚኬደው በእሱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። እሱም ሁልጊዜ ቀና ይልና «ወዴት ነው?» ይላል። ከክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው። እሷም ለአሥራ አራት ዓመት ወዴት እንደሆነ ስትነግረው ኖራለች።

አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ነበር የአባቷ ዓይን የደከመው። «ለሦስት ወር ብቻ» አሏት፤ «ዓይኔ እስኪሻለው ጠረጴዛው ላይ ቁሚልኝ።» እሷም ደስ ብሏት ቆመች። ማንም አላስገደዳትም፣ ይህንን መካድ አይቻልም። የአባቷ ዓይን ግን አልተሻለውም፤ ሦስት ወሯም አላለቀችም።

ዘንድሮ ደግሞ በተራው የእሷ የእጅ አንጓ ደከመ። መቁረጫውን ስትይዝ ከአውራ ጣቷ እስከ ክርኗ እሳት ይሮጥባታል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልጨበጥ ይሏታል። ሐኪሙ እጇን እያገላበጠ አየና ሦስት ወር ካላሳረፈችው ጣቶቿ ጭራሽ እንደማይታጠፉ ነገራት። ሦስት ወር ሲላት ሳቀች። ሐኪሙ ምን እንዳሳቃት አልገባውም፣ እሷም አላስረዳችውም።

ልጇ በዚያው ሳምንት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁርጥ እናቷን፣ አገጯም አረማመዷም። የሂሳብ መምህሯ በአካባቢያቸው ካሉ ዕቃዎች አሥር ጥንድ ግጥምጥም ቅርጾች ፈልገው እንዲያመጡ አዝዘዋቸዋል። እናትየው ግጥምጥም ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

ልጅቷ በደስታ አስረዳቻት፤ ለእናቷ የምታስተምረው ነገር ስታገኝ ዓይኗ ይበራል። ሁለት ቅርጾች አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረግ ትርፍም ጉድለትም ከሌለ ግጥምጥም ይባላሉ። ማንሸራተት ይቻላል፣ ማዞር ይቻላል፣ መገልበጥም ይቻላል። መለጠጥና መከርከም ግን ክልክል ነው።

እናትየው ይህንንማ ከመምህሩ በፊት አውቀዋለሁ ብላ አሰበች፤ ስም እንዳለው ግን አላወቀችም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው ነገር በመጽሐፍ ውስጥ ስም ተሰጥቶት ሲጠብቃት ኖሯል። 

ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ቤቱን ታስስ ጀመር። የመስኮቱ አራት መስታወቶች፣ የግድግዳው ብሎኬቶች፣ የወንበሮቹ መቀመጫዎች፣ የሸሚዝ ሁለት ኪሶች፣ የደብተሯ ቅጠሎች። አንዱን ጥንድ የሰጧት የካውያ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሽማግሌ ነበሩ፤ ከቆራጯ አባት ዘመን ጀምሮ በእንፋሎት ውስጥ ስለኖሩ ሁሉም «አባ እንፋሎት» ይሏቸዋል። ሁለቱን መዳፋቸውን ገጥመው አሳዩአት፣ «እነዚህን ጻፊ፤ ሰባ ዓመት አብረው ሲቃጠሉ ኖረው አንዱ ከአንዱ አልበለጠም» አሏት። ጻፈችው። ዘጠነኛው የምሳ ዕቃው ሁለት ክዳን ሆነ። አሥረኛው ጠፋት፤ ሳስበው ይመጣል ብላ ባዶውን ተወችው።

እናትየው በማግስቱ ስለ እጇ ለወንድሟ ነገረችው። ደነገጠ፣ አዘነ፣ ሻይ አዘዘላት። ቀጥሎ ትእዛዙን አስታወሳት፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሦስት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብሏል። እሷም ሌላ ቆራጭ እንዲቀጠር ለመነችው። ይህ የማይሆን ነገር ነበር። በአባታቸው ጊዜ አንድ የተቀጠረ ቆራጭ ካርቶኖቹን ሁሉ ገልብጦ መንገዱን ተሻግሮ የራሱን ቤት ከፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ የልክ ካርቶኖቹን ባዕድ አይነካቸውም። ከወንድሟ ወንበር በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፣ እንደ ሙት ፎቶግራፍ። ጠረጴዛው ላይ የሚቆመው የቤቱ ሥጋና ደም ብቻ ነው። ወንድሟ ደግሞ ልጅ የለውም።

«ልጅቱ አለች አይደል?» አለ። «ለሦስት ወር ብቻ። እጅሽ እስኪሻለው።»

ቆራጯ ሻይዋን አስቀመጠች። እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ እምቢ ለማለት ግን ሰው መጀመሪያ የሚቆምበት ቦታ ያስፈልገዋል። የእሷ መቆሚያ እነዚያ ሁለት ጎድጓዶች ናቸው፣ እነሱም የእሱ ናቸው። ትምህርቷስ አለችው። ትምህርቱ የት ይሄዳል፣ በዓመቱ ትቀጥላለች አላት። አባታቸውም እንዲሁ ነበር ያሉት። እሱ ረስቶታል፤ የረሳው ስላልደረሰበት ነው።

ተስፋ ያደረገችው ልጅቷ ታምፃለች ብላ ነው። ልጅቷ ግን እናቷ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን በሌላኛው እጇ ስትዘረጋ አይታለች።

«እማ፣ እኔ እቆምልሻለሁ» አለች። «ሦስት ወር ምን አላት?»

እናትየው ቃሉን አወቀችው። ለአባቷ የመለሰችው ይህንኑ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይቀር። ዞራ ጨርቅ የምታጣጥፍ መስላ ዓይኗን ጠረገች። ዝም ብትል ልጅቷ ትገባለች፤ እውነቱን ብትናገር፣ ይህ ጠረጴዛ የገባበትን አይለቅም ብትላት፣ ልጅቷ ይብሱን እናቷን አውጥታ ራሷ ትገባለች። ልጅ በደግነቱ ሲያዝ ማስለቀቂያ የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ፈተናው። አባታቸው ያወጡት ሕግ ነው፣ ወንድሟም እንደ ካርቶኖቹ ይጠብቀዋል። ጠረጴዛው ላይ የሚቆም ሰው አስቀድሞ አንድ እጅጌ በእጅ መቀስ ይቆርጣል። እጅጌ የሚመረጠው ከሁሉ ስለሚከብድ ነው፤ ትከሻ ላይ የሚገባው ጫፉ ኩርባ ነው። ከዚያ ቆራጩ የራሱን እጅጌ በአዲሱ ሰው እጅጌ ላይ ያነባብርና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳል። በጠርዙ አንዱ ከሌላው ከሾለከ አበቃ፤ ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ጠረጴዛውን አይነካም። አንድ የተሳሳተ እጅ አርባ ጨርቅ ባንዴ ስለሚያበላሽ በዚህ ሕግ ላይ ይቅርታ የለም።

ቆራጯ የራሷን ቀን አልረሳችውም። አባቷ ሁለቱን እጅጌዎች ብርሃኑ ላይ አንስተው፣ በደከመ ዓይናቸው ተጠግተው ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱና «አንድ ነው» አሉ። በሕይወቷ ከዚያ የበለጠ ደስ ያላት ቀን አልነበረም። እንዲያ ደስ ባይላት ኖሮ ምናልባት ትወጣ ነበር።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። የስፌት መኪናዎቹ ቆመዋል፤ አባ እንፋሎት ብቻ የተረፉ ኮሌታዎች ይተኩሳሉ። ወንድሟ ካርቶኑን ከሚስማሩ አወረደና ለልጅቷ በሁለት እጁ ሰጣት። ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ስትቆም እግሮቿን የት እንደምታደርግ ማንም አልነገራትም። ሁለቱ ጎድጓዶች ውስጥ ገቡ። ተረከዙም ጣቱም ገባ፤ ትርፍም ጉድለትም አልነበረውም።

ቆራጯ ይህንን አየችና ዓይኗን ወደ መቀሷ መለሰች።

ልጅቷ በጠመኔው በጥንቃቄ አሰመረች። አስር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለውን ሰምታ ነው ያደገችው፣ እና ለካች፣ ደገመች። ከዚያ መቀሱን አነሳች። ኩርባው ላይ ስትደርስ መቀሱን ከማዞር ይልቅ ጨርቁን አዞረች፣ ይህንን ያስተማራት የለም፤ አሥራ አራት ዓመት እያየች ኖራለች። ቆራጯ ፊት ለፊት ቆማ የራሷን እጅጌ ቆረጠች፣ በታመመው እጇ፤ መስመሩን ግን አልሳተችም።

ሁለቱን እጅጌዎች ጠረጴዛው ላይ አነባበረች። ወንድሟ ስልክ ተደውሎለት ዞር ብሎ ነበር። በመዳፏ ዙሪያውን ዳሰሰች፤ ጣቷን የያዘ ጠርዝ አልነበረም። የልጇ እጅ ንጹሕ ነበር፣ ከራሷ የአሥራ አምስት ዓመት እጅ እንኳ የተሻለ። ለአንድ አፍታ ኩራት ደረቷን ሞላው። ይኸው ኩራት ነው አባቷን «አንድ ነው» ያሰኛቸው።

የእጅጌ ኩርባ እንግዲህ ሁለት ጎን አለው። የፊቱ ጎን ጠለቅ ይላል፣ የኋላው ዘርጋ ይላል፣ ክንድ ወደ ፊት ስለሚዘረጋ። በሥራ ቀን ቆራጭ የፊቱን ጎን በመቀስ ጫፍ ትንሽ ይሰነጥቀዋል፣ ሰፊዎቹ እንዳይሳሳቱ፤ ለፈተና የተቆረጠ ግን አይሰነጠቅም። ጨርቁ ደግሞ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ይህንን ሰፊ ያውቃል፣ ካውያ ተኳሽ ያውቃል። አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ ሰው ግን የግድ አያውቅም።

ቆራጯ የልጇን እጅጌ አነሳች፣ ገለበጠችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለቱንም ይዛ ወደ መስኮቱ አነሳቻቸው።

ወንድሟ ስልኩን ዘግቶ መጣ። ተጠጋ። በአንዱ በኩል ሰማያዊ ጨርቅ የጣት ስፋት ያህል ሾልኮ ነበር፤ በሌላው በኩል እንደዚያው ያህል ጎድሏል። አንገቱን አስግጎ አየው።  በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስትቆርጥ ዋሽታ አታውቅም፤ አሁን ሁለቱን እጅጌዎች ብርሃኑ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ገባ?» አላት።

«አልገባም።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ አንጋጣ አየች። መጀመሪያ ፊቷ ፍም መሰለ። ከዚያ ግንባሯ ተቋጠረ፤ ደብተር ላይ አስቸጋሪ ጥያቄ ሲመጣባት እንዲሁ ነው የምትሆነው። ትርፉን አየች፣ ጉድለቱን አየች፣ መጠናቸው እኩል ነው።

«እማ» አለች፣ «እስቲ ገልብ—»

«በዚህ ቤት የሚገለበጥ ነገር የለም» አለች እናትየው። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ልጅቷን ተቆጥታት አታውቅም ነበር።

ወንድሟ አልተዋጠለትም። ልጅቷ ስትቆርጥ ከሩቅም ቢሆን አይቷል፣ እጇ የሚሳሳት አይመስልም ነበር። ወደ ካውያው ጠረጴዛ ዞረና ሽማግሌውን ጠየቃቸው፤ «አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? ይምጡና ይዩት።»

አባ እንፋሎት ካውያቸውን አቁመው መጡ። መነጽራቸው በእንፋሎት ደብዝዞ ነበርና አውልቀው ጠረጉት። እጅጌዎቹን አዩ፣ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቆራጯን አዩ። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን ዝም ማለት አይቻልም ነበር።  እኚህ ሰው ሁለት ጣታቸውን ብቻ ቢያንቀሳቅሱ፣ አንዷን እጅጌ ቢገለብጡ፣ ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ጎድጓዶቹ ውስጥ ትቆማለች።

«አለቃ» አሉ፣ «እኔ የማውቀው መጨማደድና መዘርጋት ነው። በመቀስ ነገር እህትህ አልገባም ካለች፣ አልገባም።» ተመልሰውም ኮሌታቸውን ይተኩሱ ጀመር። ከወትሮው የበለጠ እንፋሎት ለቀቁ፤ ፊታቸው አልታየም።

ወንድሟ ተነፈሰ። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ እየጎተተ ለልጅቷ አዘነላት፣ ጭንቅላቷንም ዳበሳት፤ ሁሉም ሰው ለእጅ ሥራ አልተፈጠረም አላት፣ ብትማር ይሻላል። ካርቶኑን መልሶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ፣ ከልቡ የተጨነቀ ሰው ሆኖ።

«እንግዲህ አንቺው ነሽ» አላት። «ሌላ ምን አለኝ?»

«እኔው ነኝ» አለችው።

ስለ ሦስት ወሩ ዕረፍት ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ከሰኞ ጀምሮ አንጓዋን በቁራጭ ጨርቅ ጠፍራ ሠራች፤ ሲብስባት መቁረጫውን በግራ እጇ ትገፋዋለች። ልጅቷ እናቷን አላናገረችም። ሰኞ ዝም፣ ማክሰኞ ዝም፣ ምሳዋን ስታቀብላት እንኳ ዓይኗን ትሰብራለች። እናትየው ልትነግራት ብትፈልግም ክፍላቸውን ከወንድሟ ወንበር የሚለየው ቀጭን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ እዚያ ቤት ምስጢር ተብሎ የሚወራ ነገር የለም። ብትነግራትስ፣ ያቺ ልጅ ሄዳ ጋሼ ተሳስታችኋል ትለው የለም ወይ? እና ልጇ ሰነፍ ነሽ እንደተባለች ይቅር ብላ ዋጠችው። ከእጇ ሕመም ይህ ባሰ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። የምታልፈው በዚያው በአንዱ መንገድ ነው። አጎቷ ቀና ብሎ ከወዴት ነው አላት፣ ከትምህርት ቤት አለችው። ወደ ክፍሉ አልገባችም፤ ወደ ጠረጴዛው መጣችና ደብተሯን ከፍታ በጨርቁ ቁልል ላይ አስቀመጠችው። በአሥረኛው መስመር ሁለት ኩርባዎች በእርሳስ ተስለዋል፤ ከጎናቸው የመምህሩ ቀይ ምልክት አለ። ከሥራቸው እንዲህ ተጽፏል፤ «አንዱ ተገልብጦ የተቀመጠ ሁለት እጅጌ። የማይገጥሙ ይመስላሉ።»

መኪናዎቹ ይጮሃሉ፣ ለዚያ ነው ልጅቷ ጎንበስ ብላ በእናቷ ጆሮ የተናገረችው።

«ገብቶ ነበር፣ አይደል?»

ቆራጯ ከመስመሩ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ወንድሟ ከወዲያ እያያቸው ነው።

«አንድ ክር አልጎደለውም» አለቻት።

ልጅቷ ዝቅ ብላ ወለሉን አየች፣ የእናቷን እግሮች በጎድጓዶቹ ውስጥ።  እጇን ዘርግታ የታሰረውን አንጓ ልትይዝ ስትል እናትየው በክርኗ ቀስ አድርጋ ገፋቻት።

«እዚህ አትቁሚ» አለቻት። «ሂጂ አጥኚ።»

ልጅቷ ደብተሯን አንስታ ሄደች። ቆራጯ አርባውን ጨርቅ በመዳፏ አስተካከለች፣ ካርቶኑን አስቀመጠች፣ መቁረጫውንም በግራ እጇ አስነሳችው።